ባሕር ዳር ላይ ዶዝን በቀዝቃዛ ካሜራ ስትለኩ

ሲንቲሌተር የሚባለው ቁስ ጨረር ሲያገኘው ያበራል፤ ብርሃኑም ከተቀበለው ዶዝ (የጨረር መጠን) ጋር ይመጣጠናል። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ግን የካሜራው ሲሲዲ (ብርሃን ተቀባይ) ቺፕ በሙቀት ብቻ የሚፈጥረው ምልክት ሊሸፍነው ይችላል። ቺፑ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ይህ ምልክት በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለአብዛኛው ሥራ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይበቃል።

ከዚያ በታች ለመውረድ አትጓጉ፤ ክረምት ላይ የጣና ዳር አየር እርጥብ ነው፣ የካሜራው መስኮትም ያልበዋል። ጤዛው የምስሉን መሃል ያደበዝዝና ዶዙ የቀነሰ ያስመስላል። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ቀለሙን ከለወጠ ቀይሩት። ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። መብራት ከጠፋ ጥበቃው እንደ አዲስ ስለሚጀምር ካሜራውን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) አስኬዱት።

የፕላስቲክ ሲንቲሌተሩን ሉህ ከ10 ሴንቲሜትር ጠጣር የውኃ ፋንተም (ጨረርን እንደ ውኃ የሚቀበል ጠጣር ቁስ) ሥር አድርጉ፤ ከሥሩ በ45 ዲግሪ የዘነበለ መስተዋት፣ ካሜራው ደግሞ ከጨረሩ መንገድ ውጪ፣ ሁሉም በጥቁር ሣጥን ውስጥ። ጨረሩ ሳይለቀቅ የክፍሉን መብራት አብርታችሁና አጥፍታችሁ አንሡ፤ ሁለቱ ምስሎች ከተለያዩ ሣጥኑ ብርሃን ያስገባል።

የካሜራው መዝጊያ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ተከፍቶ ካበቃ በኋላ ይዘጋ። አምስት ጊዜ አንሡ። የተበተነ ጨረር ቺፑን ሲመታ ነጫጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒክሰል አማካዩን ሳይሆን በቅደም ተከተል መሃል ላይ የሚውለውን ዋጋ ውሰዱ። አማካይ ነጠብጣቡን ያቀጥነዋል እንጂ አያጠፋውም። ጨረር በሌለበት፣ በዚያው ሙቀትና በዚያው የመዝጊያ ጊዜ የተነሡ አምስት ምስሎችንም እንዲሁ አዘጋጅታችሁ ቀንሱ።

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ግን ከካሜራው ሳይሆን ከማነጻጸሪያው ነው። ማነጻጸሪያው አዮናይዜሽን ቻምበር ነው፤ ይህም ጨረር በውስጡ ባለው አየር ላይ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ሙል የሚለካ መሣሪያ ነው። ለአየር ክፍት የሆነው ዓይነት እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ዝቅ ብሎ ያነባል። የአየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ማጣቀሻው 101.325 ኪሎ ፓስካልና 20 ዲግሪ ከሆነ፣ በ22 ዲግሪ ክፍል ንባቡ በ1.24 ገደማ ይባዛል። ግፊቱን በክፍሉ ውስጥ ባለ ባሮሜትር ለኩ። የስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ቁጥር ነው፤ እሱን ከተጠቀማችሁ ዶዙን በ20 በመቶ ገደማ አሳንሳችሁ ታነባላችሁ።

በመጨረሻ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ሞኒተር ዩኒት (የጨረር ማሽኑ የሚሰጠው መጠን መለኪያ) ስጡ፤ የመዝጊያው ጊዜ አይለወጥ። ብርሃኑን ከሞኒተር ዩኒቱ ጋር የሚያያይዘው መስመር በዜሮ ካላለፈ የጨለማው ምስል ቅነሳ ወይም ሣጥኑ ይፈተሽ፤ ላይ ሲደርስ ከጎበጠ ፒክሰሉ ሞልቷልና የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቡ።