ኮድ ሳይችሉ ኦፕን ሶርስ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ደብረ ማርቆስ ካሉ የኮምፒውተር ተማሪዎች ጋር ስንገናኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ "ኮድ ገና አልቻልኩም፤ ኦፕን ሶርስ ላይ ምን እሠራለሁ?" ኧረ ሥራው ሞልቷል። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ትእዛዝ) ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው።

መጀመሪያ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ምረጡ። የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ፣ የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ ሁሉም ኦፕን ሶርስ ናቸው። ስሙ ገናና ነው ብላችሁ ከሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) አትጀምሩ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ብቻውን ነበር የጀመረው፤ ዛሬ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስለሚሠሩበት ጀማሪን ግራ ያጋባል።

ቀጥሎ ማን ምን እንደሚሠራ እወቁ። ከኮዱ ጋር የሚቀመጡትን "ሪድሚ" (ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ የሚገልጽ) እና "ኮንትሪቢዩቲንግ" (እንዴት መሳተፍ እንደሚቻል የሚያስረዳ) የሚባሉትን ፋይሎች አንብቡ። ጎጃም ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ቆጥሮ ይመጣና ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ያርሙታል። እዚህም ኮንትሪቢዩተሩ የሠራውን ያቀርባል፣ ሪቪወሩ ያርማል፣ ሜንቴይነሩ (የፕሮግራሙ ኃላፊ) ከዋናው ኮድ ጋር ያዋህደዋል። ልዩነቱ ከሜንቴይነር ጋር መከራከር ይቻላል። ከየኔታ ጋር እስቲ ሞክሩት!

ሦስተኛው ሥራ፣ ፕሮግራሙ ላይ ያያችሁትን ችግር ለሠሪዎቹ ማመልከት ነው። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው፣ ያውም በሐፍረት። የመጀመሪያው ሪፖርቴ "አማርኛ አይሠራም" ይላል፣ አለቀ። "የትኛው ቨርዥን? ምን ስታደርግ?" ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። እናንተ እንዲህ ጻፉ፦ "ዊንዶውስ 10 ላይ፣ በዚህ ቨርዥን፣ የአማርኛ ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ስቀይር 'ጎጃም' የሚለው ቃል ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ስክሪንሾቱ ይኸው።" ከመላካችሁ በፊት ግን ሌላ ሰው ቀድሞ አመልክቶት እንደሆነ ፈልጉ።

የፕሮግራሙን ቃላት ወደ አማርኛ መተርጎም ደግሞ አለ። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እንግሊዝኛው "ሴቭ" ብሎ ይገላገላል። እኛ "አስቀምጥ" ካልን ሴቷን ረሳን፤ "አስቀምጪ" ካልን ወንዱ ይስቃል፤ "ያስቀምጡ" ስንል ሽማግሌ ያናገርን ይመስላል። እኔ የመጨረሻው ይሻለኛል። ግን ቀድመው የተረጎሙት የተስማሙበትን ቃል ሳታዩ የራሳችሁን አትጨምሩ።

ኮዱ ላይ ስትደርሱ "ጉድ ፈርስት ኢሹ" የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ለጀማሪ ተብሎ የተተወ ሥራ ነው። አንዲት ነገር ብቻ አስተካክላችሁ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ከኮዱ ጋር አዋህዱልኝ የሚል ጥያቄ) ላኩ። አሥር ነገር ባንዴ ከቀያየራችሁ ማን ቁጭ ብሎ ያነብላችኋል?

መልስ ከዘገየ አትበሳጩ። ብዙዎቹ ሜንቴይነሮች ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ መልስ የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ሳምንት ጠብቁና በትህትና አንድ ጊዜ አስታውሱ።