ሊበርቲስ ውስጥ የድሮ ቤት ለምታድሱ፦ ሲሚንቶውን አስቀምጡት

ሲሚንቶ ላይ ብዙ ጊዜ ተናግሬ ምላሴ ዝሏል። ባለፈው ሳምንት እንኳ በአየርላንድ ዋና ከተማ ዳብሊን፣ ሊበርቲስ በሚባለው የድሮ ሰፈር፣ ከጊነስ ቢራ ፋብሪካ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጎረምሳ ግንበኛ የድሮ ጡብ ፉጋ (በጡቦቹ መካከል ያለውን መሙያ) በግራይንደር እየፈለፈለ ሲሚንቶ ሲጠቀጥቅበት አገኘሁት። ወንድሜ፣ ቤቱ የተሠራው እኮ በኖራ ነው! እንደ ጎንደር ግንብ። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ግድግዳው የጠጣው ዝናብ በፉጋው በኩል ወጥቶ ይደርቃል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይደፍነዋል። ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ ውርጭ ሲመታው ያብጣል፣ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። በጣት ስትነኩት ቀይ ዱቄት ነው። ሲሚንቶው ብቻ ገጥጦ ይቀራል። ግራይንደሩ ደግሞ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል፤ የተበላ ጠርዝ አይመለስም። መሮና መዶሻ ይዞ ቀስ ማለት ነው።

እኔም የመጀመሪያ ግድግዳዬን እንዲሁ ነው የገደልኩት። ሁለት የብርድ ወቅት ካለፈ በኋላ ባለቤቷ ጠርታ የረገፈውን ጡብ በአካፋ አፍሳ አሳየችኝ። እስካሁን በዚያ መንገድ አላልፍም።

የቤት ዕድሜ በፊቱ አይገመትም። የሰፈሩ ሸማኔዎች ድሮ ይኖሩባቸው ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ «ደች ቢሊ» የሚባሉ ባለ ሾጣጣ ግንባር ነበሩ። ፋሽኑ ሲያልፍ ባለቤቶቹ ሾጣጣውን ደብቀው ግንባሩን አራት ማዕዘን አደረጉት። ከመንገድ ስታዩት ተራ ቤት ነው። ግቡና ጥጉን እዩ። ምድጃው ጥግ ላይ በሰያፍ ከተሠራ፣ ወፍራሙን የጭስ ማውጫም ከጎረቤት ጋር ከተጋራ፣ መዶሻችሁን አስቀምጡና የቅርስ ባለሙያ ጥሩ።

የእንጨት መስኮት ነቅሎ ፕላስቲክ መግጠም? ተዉ። ሌላ የምለው የለኝም።

የሚቀጥለው የግንበኛ ጥፋት አይደለም፤ የማደሻው ገንዘብ እጅ ሳይገባ ሰው ከቤቱ ማስወጣት ነው። ፍራንሲስ ስትሪት ያለው አይቪ ማርኬት እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተው ለመንገድ ዳር ነጋዴዎች ነበር። በ1990ዎቹ ተዘጋ። ሆቴል ይሆናል ተባለ፣ ዓመታት ነጎዱ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። ሰው ያለበት ቤት ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅን፣ የሚጮህ አለ። ባዶ ቤት ዝም ብሎ ይበሰብሳል። ገበያው ፊት ለፊት ከተቀረጹት የድንጋይ ፊቶች አንዱ ዓይኑን ይጠቅሳል፤ ገበያውን ያሠራው የጊነሱ ባለሀብት ራሱ ሎርድ አይቪ ነው ይላሉ። ማንን እንደሚጠቅስ ሚዝ ስትሪት ፍራፍሬ የሚሸጡትን እናቶች ጠይቋቸው።