ቫይታሚኑን እየዋጥኩ ለምን አልተሻለኝም?

በምሠራበት መድኃኒት ቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይህ ይገጥመኛል። አንዲት እናት ፌስታላቸውን ከፍተው አምስት ስድስት ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ ይደረድራሉ። አንዱን ልጃቸው ከአሜሪካ ልካላቸዋለች፣ አንዱን ጎረቤት "እኔን ጠቅሞኛል" ብላ ሰጥታቸዋለች፣ አንዱን ሐኪም አዝዞላቸዋል። "ይህን ሁሉ እየዋጥኩ ድካሙ አልለቀቀኝም፤ የማይሠራው የትኛው ነው ልጄ?" ይሉኛል። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሳነብ አብዛኛውን ጊዜ ክኒኖቹ ጤነኞች ናቸው። አወሳሰዱ ተበላሽቷል፣ ወይም ለሰውነታቸው የጎደለው ሌላ ሆኖ የሚውጡት ሌላ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ቅሬታዎች ከነምክንያታቸው እነሆ።

"የደም ማነስ ክኒን ሁለት ወር ወሰድኩ፤ ደሜ አልጨመረም"

መጀመሪያ የምጠይቀው ክኒኑ በስንት ሰዓትና ከምን ጋር እንደሚወሰድ ነው። አንዲት ደንበኛዬ "ከምሳ በኋላ፣ እንዳልረሳው" አለችኝ። ከምሳ በኋላ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፤ ቡናው ይፈላል። አቦሉን ጠጥታ ክኒኑን ትውጣለች፣ ወዲያው ቶናው ይቀርባል። ቡናና ሻይ ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ በክኒኑ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት ውስጥ ጠፍንገው ይይዙታል፤ ወደ ደም መግባት የነበረበት ብረት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሻይ ከቡናም ይብሳል። ወተት፣ የካልሲየም ክኒን፣ እንዲሁም እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ተመሳሳይ እንቅፋት ይፈጥራሉ።

መፍትሄው ሰዓቱን መቀየር ነው። ጠዋት እንደተነሱ፣ ቁርስም ቡናም ሳይቀርብ፣ ክኒኑን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱት። ብርቱካን ወይም ሎሚ ካለ ይጨመርበት፤ ቫይታሚን ሲ የብረቱን መግቢያ ያሰፋለታል። ከዚያ ቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቡናውን አስቀድመው ከጠጡ ደግሞ ለክኒኑ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ማንንም ቡና ተው ብዬ አላውቅም፤ ሁለቱ እንዳይገናኙ ብቻ ነው የምለምነው።

ሁለተኛው ስሕተት ቶሎ ለመዳን ብሎ መጠኑን መጨመር ነው። ብረት በብዛት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን ለአንድ ቀን ያህል አንጀት ብረት እንዳያስገባ በሩን ይገረብበዋል። ስለዚህ በቀን ሦስት ክኒን የሚውጥ ሰው ሦስት እጥፍ ብረት አያገኝም፤ ትርፉ የሆድ ሕመም ነው። የብረት ክምችታቸው ባነሰ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክኒኑ አንድ ቀን እየተዘለለ ሲወሰድ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚገባው ብረት እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህን ሐኪምዎን ጠይቀው ያድርጉት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን በራስዎ አይዝለሉ፤ በጤና ጣቢያ እንደታዘዘልዎት በየቀኑ ይውሰዱት።

"እኛ ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል?" የሚለውም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ እሱን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። የእህሉን የራሱን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ እርሾ ተጥሎበት በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን ሊጡን ሁለትና ሦስት ቀን ማቆየታቸው ለጣዕሙ ብቻ የጠቀመ አልነበረም።

ሰዓቱን አስተካክለው በትክክል ከወሰዱ በአንድ ወር ገደማ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ከፍ ማለት አለበት። ካልጨመረ ሌላ ብልቃጥ አይግዙ፤ ደሙ የሚፈስበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ከባድ የወር አበባ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የአንጀት ትል፣ ኪንታሮት ሁሉም ይጠረጠራሉ። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት በብረት እጥረት ደም ካነሳቸው ምክንያቱ ሳይፈለግ መታለፍ የለበትም። ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ ክኒኑ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ብዙ ሰው ሲሻለው ያቆመዋል፤ ከዚያ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

"ሆዴን አደረቀኝ፤ ሰገራዬም ጠቆረ"

የሰገራው መጥቆር ያልተመጠጠው ብረት ቀለም ነው፤ አያስፈራም። የሚያስፈራው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ፣ ሽታው የከረፋ፣ ከማዞር ወይም ከሆድ ሕመም ጋር የመጣ ጥቁር ሰገራ ነው። እሱ የውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለድርቀቱ ውሃ፣ ፍራፍሬና ተልባ ይረዳሉ። የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነ ክኒኑን ከትንሽ ምግብ ጋር ይውሰዱት፤ የሚገባው ብረት ትንሽ ይቀንሳል፣ ሆኖም ጭራሽ ከማቋረጥ እጅግ ይሻላል።

"እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ይነዝረኛል"

እዚህ ላይ ረጋ ብለን መነጋገር አለብን፤ ጉዳቱ ነርቭ ላይ ነውና።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾመኛ ሁሉ ይጎድለዋል ማለት አይደለም፤ ሲፈታ በደንብ የሚበላ ሰው ክምችቱን ይሞላል። የሚጎዳው በፍስኩም ወራት ሥጋና ወተት የማያገኝ፣ ወይም አግኝቶም አንጀቱ የማይመጥለት ሰው ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ለረጅም ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የዋጡ ሰዎች ከፊት ይሰለፋሉ። የስኳር ሕመምተኞችን በተለይ አስባለሁ፤ የእግራቸውን መደንዘዝ ሁሉም ሰው "የስኳሩ ነው" ብሎ ስለሚያልፈው የቢ12 ምርመራ ሳይደረግላቸው ይቆያሉ።

መፍትሄው የደም ምርመራ፣ ከዚያም እንደ ጉድለቱ በመርፌ ወይም ከፍ ባለ መጠን በክኒን መተካት ነው። እስከዚያው በፎሊክ አሲድ ብቻ ለመዳን አይሞክሩ። ፎሊክ አሲድ የደም ማነሱን ያስተካክልና ውጤቱ ጥሩ ይመስላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ከበስተጀርባ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ብዙ ሰው የማይገምተው ነው፤ ለመደንዘዙ መድኃኒት ተብሎ የሚዋጠው ቢ ኮምፕሌክስ ራሱ። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ያንኑ መደንዘዝ ያመጣል። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 100 ሚሊግራም ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ወደ 12 ሚሊግራም አውርዶታል። ብልቃጡን ያዙሩና ፒሪዶክሲን (የቢ6 ሌላ ስሙ) የሚለውን መስመር ያንብቡ። ሁለት ሦስት ዓይነት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ይደምሩት። ለሳንባ ነቀርሳ ከአይሶናያዚድ መድኃኒት ጋር ቢ6 የታዘዘላችሁ ግን አታቋርጡ፤ ነርቫችሁን የሚጠብቀው እሱ ነው።

"ፀሐይ አገር ተወልጄ ቫይታሚን ዲ አንሶሻል ተባልኩ"

ፀሐይ መኖሩና ቆዳን ማግኘቱ ለየቅል ነው። በመስኮት መስታወት የሚገባ ብርሃን ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀኑን ቢሮ ውስጥ የሚውል የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ ከአሠሪዎቿ ቤት የማትወጣ በቤሩት ወይም በሪያድ ያለች እኅት፣ የስቶክሆልም ክረምት ያገኘው ወንድም ችግራቸው አንድ ነው። አጥንት ይቆረጥማል፣ ጡንቻ ይዝላል።

ቫይታሚን ዲ የሚሟሟው በስብ ስለሆነ ዘይት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ይወሰድ፤ በጾም አቮካዶ ይበቃል። ከአንድ እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው የቀን ፍላጎቱ 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 800 ነው። ብልቃጡ በማይክሮግራም ከጻፈው በ40 ያባዙት፤ 25 ማይክሮግራም ማለት 1,000 ዩኒት ነው።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ሐኪም በሳምንት አንድ ጊዜ ያዘዘው የ50,000 ዩኒት ካፕሱል በየቀኑ ሲዋጥ ነው። አንድ አባት "ሳጥኑ ቶሎ አለቀብኝ" ብለው ሊገዙ ሲመጡ ነው ያወቅሁት። ውሃ ጥም በዝቶባቸው፣ ሌሊት ለሽንት እየተነሱ፣ ሆዳቸው ደርቆ ነበር። ይህ ደም ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ የሚታይ ምልክት ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ምርመራ እንዲያደርጉ ላክኋቸው። ሳምንታዊ ካፕሱል ከታዘዘልዎት ቀኑን ሳጥኑ ላይ ይጻፉበት፤ "እሑድ ብቻ" ብለው።

"የእንቅርት መድኃኒቴ መሥራት አቆመ"

የእንቅርት መድኃኒቱ ታይሮክሲን ከብረት ወይም ከካልሲየም ጋር አብሮ ከተዋጠ በደንብ አይመጠጥም። በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም በእነዚሁ ማዕድናት ኃይላቸው ይቀንሳል። ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን ደግሞ የእንቅርትና የልብ ምርመራ ውጤትን ያሳስታል፤ ደም ከመስጠትዎ በፊት እንደሚወስዱት ይናገሩ። ሽንትዎ ደማቅ ቢጫ ከሆነ የቢ2 ቀለም ነው፤ አያስጨንቅዎት።

"ማርገዤን ካወቅሁ ጀምሮ ፎሊክ አሲድ እወስዳለሁ"

መውሰድሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሕፃኑ አእምሮና አከርካሪ የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሱ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴቶች በዚያን ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በአገራችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልጅ ያሰበች ሴት ከማርገዟ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ትጀምር። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ልጅ ወልዳ ከሆነ መጠኑ ስለሚጨምር ሐኪም ይንገራት። ሬቲኖል የሚባለው ቫይታሚን ኤ በእርግዝና ወቅት በብዛት ሲወሰድ ፅንሱን ይጎዳል፤ የዓሣ ጉበት ዘይትም በውስጡ ይኖረዋል።

"ጊዜው አላለፈም፤ ገና 2026 ይላል"

ብልቃጡ ላይ ያለው ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ 2018 ላይ ሆነው "ስምንት ዓመት ይቀረዋል" ያሉኝ አዛውንት ነበሩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል፤ 10/04 የተጻፈው ኦክቶበር 4፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ ገደማ ነው እንጂ ሚያዝያ አይደለም። የሚልኩልን ልጆች በአማርኛ ወረቀት ላይ "እስከዚህ ቀን" ብለው ቢለጥፉበት ለወላጆቻቸው ትልቅ እርዳታ ነው።

"ልጁ ክኒኑን ከረሜላ መስሎት በላ"

ቀይ ሽፋን ያለው የብረት ክኒን በእርግጥ ከረሜላ ይመስላል። አንዱ ክኒን ብዙውን ጊዜ 60 ወይም 65 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት አለው፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አሥር ያህሉን ቢውጥ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የተሻለው መስሎ ይጫወታል። ወላጆች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ብረቱ ጉበትን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ጣት አስገብተው አያስመልሱት። ስንት ክኒን እንደቀረ ይቁጠሩ፣ ብልቃጡን ይያዙና ልጁ ደኅና ቢመስልም በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።