ከባሕር ማዶ ሆኖ ቤት ማሠራት፦ ስለ ማዘጋጃ ቤት ምህንድስና እና ስለምንወክላቸው ሰዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለማሠራት ያሰቡ ወይም የጀመሩት ቤት በመሐል የቆመባቸው ወገኖች፣ ከአሜሪካም ይሁን ከዐረብ አገር፣ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ማዘጋጃ ቤቱ ፋይላችንን ይዞብናል፣ ማንን እናናግር?» ይሉኛል። ከአገር ከመውጣቴ በፊት በአንድ ክፍለ ከተማ የምህንድስና ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የቀድሞ ባልደረቦቼን ጠይቄ ሳጣራ ብዙውን ጊዜ የማገኘው መልስ ፋይሉ ተይዞ ሳይሆን ከነጭራሹ ሳይገባ መቅረቱን ነው። ባልደረቦቼ ሁሉ መላእክት ነበሩ አልልም፤ ማመላለስም እጅ መንሻ መጠበቅም እንዳለ አንባቢ ያውቀዋል። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ስለ መሥሪያ ቤቱ ከምጽፈው ይልቅ በመሥሪያ ቤቱና በእናንተ መካከል ስለሚቆመው ሰው የምጽፈው ይበዛል።

በልማድ «ምህንድስና» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሥራ ዛሬ በተለያዩ ተቋማት ተከፋፍሏል። ካርታና የሊዝ ውል በመሬት ልማትና አስተዳደር፣ የወሰን ማረጋገጥና የካዳስተር (የይዞታ ልኬትና ካርታ) ምዝገባ በይዞታ ምዝገባው መሥሪያ ቤት፣ የግንባታ ፈቃድና ክትትል ደግሞ በግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር በኩል ይከናወናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ አነስተኛው የግል መኖሪያ በምድብ ሀ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ፣ የሕዝብ መገልገያና ፋብሪካ በምድብ ሐ፣ በመካከል ያለው በምድብ ለ ይመደብ ነበር፤ ምድቡ ከፍ ባለ መጠን የሚጠየቀው ንድፍና የሚፈርመው ባለሙያም ይጨምራል። የፕላን ስምምነት (በቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ ማረጋገጫ) ይወሰዳል፣ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፎች ቀርበው ይጸድቃሉ፣ ፈቃድ ይወጣል፣ ሥራ መጀመሩ ለሕንፃ ሹሙ (ፈቃድ ለሚሰጠውና ግንባታውን ለሚቆጣጠረው ኃላፊ) ይገለጻል፣ ከዚያም በየደረጃው ምርመራ ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ዝርዝሩን የምትቀጥሩት አርክቴክት ያውቀዋል።

ውክልናውን በሚመለከት ግን ራሳችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይወስነዋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት ደግሞ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይህ ጥሩ መከላከያ ነበር፤ ነገር ግን በየቦታው ተዘጋጅቶ የሚቆየው የውክልና ጽሑፍ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያሲዝ፣ ሌላ ወኪል እንዲወክል» የሚሉትን ቃላት አስቀድሞ ስለሚጨምር፣ ለግንባታ ፈቃድ ብላችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ቤቱን ለመሸጥ የሚያበቃ ሆኖ ይገኛል። ቆንስላ ስትቀርቡ ጽሑፉን አስቀንሱት፤ ፈቃድ ማውጣት፣ የተሻሻለ ፕላን ማቅረብ፣ ምርመራ ማስደረግና ግብር መክፈል ይበቃል። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ማለፍ እንዳለበትም አትርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዱባይ የምትኖረው እኅቴ በወላጆቻችን ይዞታ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ስታሠራ ወኪሏ የአክስታችን ልጅ ነበር። ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ የተላከለት ገንዘብ በሙሉ ቤቱ ላይ መዋሉን ዛሬም እመሰክራለሁ። ችግሩ ወኪሉም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ዕቃ ገዢውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ለእኅቴ ወሬ ነጋሪውም እሱው ብቻ መሆኑ ነበር። በጸደቀው ፕላን ቤቱ ከጎረቤት ወሰን ርቆ እንዲቆም ሲፈቀድ፣ እሱ «ባዶ መሬት ለምን ይባክናል» ብሎ ግድግዳውን እስከ አጥሩ አስጠጋውና በጎን በኩል ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ጨመረ። ጎረቤቱ አቤት አለ፤ ሥራው እንዲቆም የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው ለእኅቴ አልተነገራትም፤ በምትኩ «ለማዘጋጃ ጉዳይ ማስጨረሻ» የሚል የገንዘብ ጥያቄ በተደጋጋሚ ደረሳት። ስትጨነቅም መልሱ «አንቺ ምን አሳሰበሽ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል» የሚል ነበር።

ነገሩን የጠረጠርኩት ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ከመሞላቱ በፊት የተነሣ ነው ተብሎ በቴሌግራም ከተላከ ፎቶ ነው። በንድፉ ላይ የቢሙ (የአግዳሚው ተሸካሚ) ስታፋ፣ ማለትም ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲታሰር ተጽፏል፤ በፎቶው ላይ ግን የአንድ ሠራተኛ ጫማ ከተረከዙ እስከ ጫፉ በሁለት ስታፋዎች መካከል ሳይነካቸው አርፎ ይታያል። የሕንፃ ሹሙ ባለሙያ ቢጠራ ኖሮ ያንን ብረት ሳያስተካክሉ አርማታ አያስሞላቸውም ነበር፤ አርማታው የተሞላው ግን በእሑድ ቀን፣ ማንም ሳይጠራ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ ከባድ ነበር። እኅቴ ውክልናውን ልታነሣ ስትል እናታችን አለቀሰች፤ ሽማግሌዎች ገብተው «ለአንቺው ብሎ የለፋ ልጅ ነው፣ የአክስትሽን ልጅ አደባባይ ታወጪዋለሽ?» አሏት። ሰርቪሶቹ በእሷ ወጪ ፈረሱ፣ ቢሙም በእሷ ወጪ ተጠናከረ፣ እሱም እስከ ዛሬ ውለታው እንደተረሳበት ያወራል። የሰረቀ ዘመድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ነገሩ ግልጽ ይሆን ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «ዘመድ አትመኑ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልደግፍም። ባዕዱ ጉዳይ አስፈጻሚ የብዙ ሰው ፋይል ይዞ ስለሚዞር የእናንተ ጉዳይ ቢበላሽ አይጎዳም፤ ደላላም ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ ስልክ አያነሣም። እኔ የምለው ሥራውን ከፋፍሉት ነው። ውክልናው ለዘመድ ይሁን፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ግን በእናንተና በእሱ መካከል በተጻፈ ውል፣ ክፍያውን በቀጥታ ከእናንተ እየተቀበለ፣ ሪፖርቱን በቀጥታ ለእናንተ የሚልክ ሰው ይሁን፤ በወኪሉ ወይም በኮንትራክተሩ የተመረጠ አይሁን። የፌሮ፣ የሲሚንቶና የብሎኬት ዋጋ በባንክ በቀጥታ ለሻጩ ይግባ። ይህን ስትጠይቁ ቅር የሚለው ዘመድ ይኖራል፤ ቅሬታው ሥራው ሳይጀመር ቢመጣ ይሻላል።

ከዘመዶችም መካከል «እዚያ ቤት ሰው አለኝ» የሚለውን አትምረጡ። በሰው የሚያልፍ ጉዳይ ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይቆማል፤ ወኪሉም ያንን ሰው ላለማስቀየም ሲል የእናንተን መብት መጠየቅ ያፍራል። ጡረታ የወጣ፣ ቦታው አጠገብ የሚኖር፣ ወረፋ ይዞ ቀንና መዝገብ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይዞ የሚመለስ አጎት ከማንም በላይ ይጠቅማችኋል።

በየጊዜው በእጃችሁ መግባት ያለባቸው ወረቀቶች በየገጹ ማኅተም ያረፈበት የጸደቀ ንድፍ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የየደረጃው የምርመራ ቅጽና መደበኛ ደረሰኞች ናቸው። ደረሰኝ የሌለው «የማዘጋጃ ክፍያ» ለማዘጋጃ ቤት አልተከፈለም። ፎቶ ስታስነሡም ብረቱ ላይ ሜትር ተዘርግቶ ንባቡ የሚታይበት፣ በስተጀርባ ደግሞ የምታውቁት የጎረቤት በር የገባበት ይሁን፤ የሌላ ሰው ሶሌታ ፎቶ የተላከለት ሰው አውቃለሁ።

ፕላን መቀየር ካስፈለገ አስቀድሞ ማሻሻያው ይጽደቅ። ከፈቃድ ውጪ የተሠራ ክፍል እንዲፈርስ ሊታዘዝ ከመቻሉም በላይ፣ ቦታው ለመንገድ ወይም ለሌላ ልማት ሲፈለግ በካሳ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ለብዙዎች አሳይቷል። የሊዝ ባለይዞታ ከሆናችሁ በውሉ ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያና የማጠናቀቂያ ጊዜ ተመልከቱ፤ ካለፈ ቦታው ወደ መንግሥት ሊመለስ ይችላል። በአካባቢያችሁ የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ ሲታወጅም ወሰኑን የሚያሳይ ሰው መኖር አለበት፤ ማንም ካልቀረበ ችካሉ የት እንደነበር የሚናገረው ጎረቤቱ ብቻ ይሆናል።

ውክልና ስትሽሩ የመሻሪያ ሰነዱን በቆንስላ ፈርማችሁ ማስመዝገብ ብቻ አይበቃም። የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ የሚያየው ፋይሉ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቅጂ ስለሆነ፣ መሻሪያው በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ አድርጉ፤ ለምትሠሩበት ባንክና ለኮንትራክተሩም በጽሑፍ አሳውቁ። ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ከወኪሉ ሳይሆን ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።