የሞተር ሳይክል ታርጋ እንዳይላላና እንዳይሰነጠቅ አድርጎ የማሰር ዘዴ

የሞተር ሳይክል ታርጋ ከመኪና ታርጋ ይልቅ ለመላላትና ለመሰንጠቅ የተጋለጠ ነው። የሞተሩ ንዝረት በሻሲው በኩል እስከ ኋላ ፓራፋንጎ (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ድረስ ይደርሳል፤ ታርጋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ከኋላ ጎማ በላይ በተንጠለጠለና አንደኛው ጫፉ ብቻ በተያዘ ፕላስቲክ ላይ በመሆኑ፣ ንዝረቱ እዚያ ሲደርስ ይብስበታል። ታርጋ በወደቀ ቁጥር ብሎኑ ቢወቀስም፣ ብሎን ተሰብሮ የሚወድቅ ታርጋ ጥቂት ነው። በአብዛኛው ወይ ዳዶው (በብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው) ቀስ በቀስ ተፈትቶ ይወጣል፣ ወይም ላሜራው በቀዳዳው ዙሪያ ተሰንጥቆ ታርጋው ብሎኑን በቦታው ትቶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የብሎኑ ጥብቀት ሳይሆን ታርጋው እንዳይርገበገብ ከጀርባው የሚያገኘው ድጋፍ ነው።

በቅድሚያ አሮጌው ታርጋ ወይም ማሰሪያው ተፈትቶ ጭቃው መጠረግና የተሸካሚው፣ ማለትም ታርጋው የሚታሰርበት ፕላስቲክ፣ ሁኔታ መታየት ይኖርበታል። ተሸካሚው ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም የብሎን ቀዳዳው በመፋተግ ከሰፋ፣ በላዩ ላይ የሚደረገው ሁሉ ድካም ብቻ ስለሚሆን መጀመሪያ እሱን መለወጥ ይገባል።

ለድጋፍ የሚያገለግለው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በታርጋው ልክ ተቆርጦ ጠርዙ በሞረድ መስተካከል አለበት። ከታርጋው እጅግ ያነሰ ድጋፍ ችግሩን ቦታ ከማስቀየር የዘለለ ጥቅም የለውም፤ ከድጋፉ ውጭ የቀረው የታርጋው ማዕዘን እየተወዛወዘ በድጋፉ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል፣ ውሎ አድሮም በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

የታርጋው ቀዳዳዎች ከሞተር ሳይክሉ ቀዳዳዎች ጋር ካልገጠሙ፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የታርጋውን ቀዳዳ በሞረድ ማስረዘም ነው፤ ይህ ግን ሮንደላው (ከብሎኑ አናት ሥር የሚገባው ቀለበት) የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚያሳጣ ከሁሉም የከፋው መፍትሔ ነው። ይልቁንም ድጋፉ ላይ ሁለት ጥንድ ቀዳዳዎችን መብሳት ይሻላል፤ አንደኛው ጥንድ ድጋፉን ከሞተር ሳይክሉ ጋር፣ ሌላው ደግሞ ታርጋውን ከድጋፉ ጋር ያስራል። በዚህ ጊዜ ድጋፉን የሚያስሩት ብሎኖች አናታቸው ጠፍጣፋ ሆኖ በቀዳዳው ውስጥ የሚሰምጥ ዓይነት ካልሆነ፣ ታርጋው በአናታቸው ላይ ተንጋሎ ስለሚቀር በደንብ ሊያርፍ አይችልም። ታርጋውን ራሱን መብሳት ግድ ከሆነ፣ በብዙ አገሮች ታርጋን መብሳት፣ ማጠፍ ወይም ጽሑፉን በማንኛውም ነገር መሸፈን በሕግ ስለሚከለከል አስቀድሞ ደንቡን ማጣራት ያስፈልጋል።

ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ላሜራው በእንጨት ላይ ተደርጎ በሞርሳ ከተያዘ በኋላ፣ ቦታው በምስማር ተመቶ ምልክት ይደረግበታል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ተጀምሮም በትልቁ ይጨረሳል። ትራፓኖው ሲወጣ በቀዳዳው ከንፈር ላይ የሚተወውን ስለታም ፍንጣሪ፣ ወፈር ያለ ፑንታ በእጅ እያሽከረከሩ ማጽዳት አይዘለልም፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ሻካራ ጠርዝ ነውና።

ብሎኑ የማይዝግ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ተራው ብሎን ዝገቱ በታርጋው ላይ እየወረደ ያበላሸዋል። አገባቡም ይህን ይመስላል፦ ከብሎኑ አናት ሥር ሰፊ የብረት ሮንደላ፣ ከዚያ የጎማ ሮንደላ፣ ቀጥሎ ታርጋውና ድጋፉ፣ በስተጀርባ እንደገና ሰፊ የብረት ሮንደላ፣ በመጨረሻም ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ። ሰፊው ሮንደላ ኃይሉን ሲያከፋፍል፣ ጎማው ንዝረቱን ያበርዳል፣ ናይለኑ ደግሞ የብሎኑን ጥርስ አንቆ ይይዛል። ናይለኑ በተፈታና በታሰረ ቁጥር መያዣ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ አንዴ የተፈታን ዳዶ ከመመለስ አዲስ መግዛት ይሻላል። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው፣ ፈሳሹ አንዳንድ ፕላስቲኮችን እንደሚያሰነጥቅ ልብ ሊል ይገባል፤ እንዲህ ያለ ዳዶ ካለ ደግሞ ማጣበቂያው አያስፈልግም።

ሁለቱም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ገብተው፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። የጎማው ሮንደላ ጠርዙ ወጣ ወጣ ማለት ሲጀምር መቆም ይገባል፤ ከዚያ ያለፈ ኃይል ታርጋውን ያጎብጣል፣ ፕላስቲኩንም ይሰብራል። ከዳዶው በላይ የብሎኑ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ከታየ በቂ ነው። የረዘመው ትርፍ መቆረጥ አለበት፤ የኋላው ሞላ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ የኋላ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ስለሚጠጋ፣ ወደ ውስጥ የተረፈው የብሎን ጫፍ ጎማውን ሊቀድ ይችላል። ይህንን ለማረጋገጥ ሁለት ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሲጫን ሦስተኛ ሰው ክፍተቱን ከጎን ይመልከት። የታርጋው መብራት ሽቦም በድጋፉና በፓራፋንጎው መካከል አለመቆንጠጡን ለማወቅ መብራቱን አብርቶ ማየት ያሻል።

የፕላስቲክ ማሰሪያ ገመድና ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ፕላስተር መንገድ ላይ ለደረሰ ችግር ካልሆነ በስተቀር አይመከሩም፤ የመጀመሪያው በፀሐይ ደርቆ ይበጠሳል፣ ሁለተኛው በሙቀትና በውሃ ይለቃል። ስርቆት የሚያሰጋው ሰው በተራ ካቻቪቴ የማይፈታ ልዩ አናት ያለው ብሎን መጠቀም ይችላል፤ መፍቻውን ግን ከሞተር ሳይክሉ ጋር አብሮ ማስቀመጥ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ የታርጋውን የታችኛውን ማዕዘን ይዞ መነቅነቅ ነው። ታርጋው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ብሎኑ ላልቷል ወይም ድጋፉ አንሷል፤ ሁሉም አንድ ላይ ከተወዛወዘ ግን ጉዳዩ የተሸካሚው ነው። በዳዶውና በብሎኑ ጫፍ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ከተሠመረ፣ የመስመሩ መዛነፍ ዳዶው መዞሩን ያለ ቁልፍ ያሳያል። ይህ ምልክት ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ፣ ከዚያም ካቴናው በሚፈተሽበት ጊዜ ሁሉ ይታያል። በታርጋው ላሜራ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ከተገኘ፣ ደንቡ በሚፈቅድበት ቦታ የስንጥቁ ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት ስንጥቁ የሚሄድበትን ፍጥነት ይገታል፤ ይህም ምትክ ታርጋ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው።