የደራሲን ሕይወት ከልቦለዱ ውስጥ እንዴት እንፈልጋለን? በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚሠራ መመሪያ

የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ የጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ «በዛብህ ማለት ራሳቸው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ስለሆነ ፍለጋውን ሳይጀመር ይዘጋዋል። ሥራ የሚሰጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ደራሲው ያሳለፉት ኑሮ ለመጽሐፉ ምን አቀበለው? በዚህ መንገድ የፈለገ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ። የደራሲው ሕይወት እዚህ ልቦለድ ውስጥ የገባው በአብዛኛው እንደ ዕውቀትና እንደ አቋም ነው። በደራሲው ላይ የደረሰ ድርጊት እንዳለ ተገልብጦ የገባበትን ቦታ ለማግኘት ግን በጣም መልፋት ያስፈልጋል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ያልተቆራረጠ የልቦለዱ ቅጂ፣ «ትዝታ» የተባለው የደራሲው የራሳቸው የሕይወት ማስታወሻ፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው እርሳስና የጎጃም ካርታ። የምትጠቅሱት ገጽ የየትኛው እትም እንደሆነ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። የእትሞች ገጽ ስለሚለያይ ይህን የዘነጋ ሰው በኋላ ማስታወሻውን ሁሉ እንደገና ለመሥራት ይገደዳል።

መጀመሪያ ዘመኑን አስተካክሉ

ሁለት ገጽ ትይዩ ክፈቱ። በግራ የደራሲውን ዕድሜ፣ በቀኝ የሥራዎቹን ዓመት አስፍሩ። በግራ በኩል ቢያንስ እነዚህ መኖር አለባቸው፦ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከቄስ አባት መወለዳቸው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት መማራቸው፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መቀጠላቸው፤ በ1928 ዓ.ም. በራስ እምሩ ሥር በሽሬ ግንባር መዝመታቸው፤ ተማርከው ጣሊያን አገር በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች መታሰራቸው፤ ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ፣ በትምህርት ሚኒስትርነት፣ በለንደን አምባሳደርነት፣ በፕላንና ልማት ሚኒስትርነት መሥራታቸው። በቀኝ በኩል ደግሞ «ተረት ተረት የመሠረት» 1948፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» 1958፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» 1974፣ «የእልም ዣት» 1980፣ «ትዝታ» 1985 ይሰፍራሉ፤ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ የአውሮፓውን ዓመት ለማግኘት 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። ስለዚህ ጥቅምት 1902 ዓ.ም. በአውሮፓ 1909 ነው። ብዙ የውጭ ጽሑፍ ግን 1910 ይላል። በአንድ ዓመት መሳሳት ለልደት ብዙ ላይጎዳ ይችላል። አንድ ሁነት ከመጽሐፉ በፊት ይሁን በኋላ ስትወስኑ ግን ፍርዱን ሁሉ ይገለብጠዋል። ከምንጭ የምትቀዱትን ቀን በተጻፈበት አቆጣጠር አስፍሩና የተለወጠውን በጎኑ ጨምሩ፤ ተለውጦ ብቻ የተቀመጠ ቀን በኋላ ማረጋገጥ አይቻልም።

ሰንጠረዡ እንዳለቀ አንድ ቁጥር አስሉ። ደራሲው ያንን ዓለም በኖሩበትና መጽሐፉ በታተመበት ዘመን መካከል ስንት ዓመት አለ? ሐዲስ የቆሎ ተማሪ ከነበሩበት ጊዜ እስከ 1958 ድረስ ከሠላሳ ዓመት እጅግ ይበልጣል። ለንጽጽር ደራሲውን በዓሉ ግርማን ውሰዱ። የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 ተጀመረ፣ በዚያው ዘመቻ ላይ የተጻፈው ልቦለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ታተመ። ርቀቱ አንድ ዓመት ሲሆን ሁነቱ ራሱ፣ ሰዎቹና የቢሮው ወሬ ሳይቀር ወደ መጽሐፉ ይገባሉ። ርቀቱ ዐሥርት ዓመታት ሲሆን ሁነቱ ይረግፍና የኑሮው ሥርዓት ይቀራል። የፍለጋው ስልት በዚህ ቁጥር ይወሰናል። ለ«ኦሮማይ» የዘመኑን ጋዜጣ ታገላብጣላችሁ፤ ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔ ቤትን ሥርዓት፣ የርስትና የጉልትን ሕግ፣ የሠርግና የሽምግልናን ወግ ታጠናላችሁ።

ሁለት ጊዜ አንብቡ

የመጀመሪያውን ንባብ እርሳስ ሳትይዙ ጨርሱ። ገና ከጅምሩ ደራሲውን የሚፈልግ አንባቢ የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለወንጌልን አያያትም፤ ልቦለዱን ያላየ ሰው ደግሞ ስለ ምንጩ የሚናገረው ነገር አይኖረውም።

በሁለተኛው ንባብ በአንዱ ቀለም ደራሲው ያለ ችግር የሚዘረዝሩትን ሁሉ አስምሩ። መለኪያው ይህ ነው፦ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከመጽሐፍ የተገኘ ዕውቀት ይበቃል ወይስ እዚያ መኖርን ይጠይቃል? «ተማሪው ለመነ» ማለት ማንም ይችላል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ውሎ ከነረኃቡ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። በሌላው ቀለም ቸኩለው የሚያልፉትን፣ በጥቅሉ የሚገልጹትን አስምሩ። ከየ10 ገጹ አንድ ገጽ መርጣችሁ በሁለቱም ቀለም የተሰመሩትን ቁጠሩ። ቁጥሩ የሚከብድበት ምዕራፍ የመጀመሪያው መቆፈሪያችሁ ነው።

ይህን ለመለየት የቤተ ክህነት ትምህርትን ቅደም ተከተል ማወቅ ግድ ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መምህር፣ የራሳቸው የዓመታት ልፋት አላቸው። ቅኔ ራሱ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በዚህ ትምህርት ያለፈ ሰው ካገኛችሁ ሁለት ሰዓት አብራችሁት ተቀመጡና ያሰመራችሁትን አንብቡለት። «ይህንስ ያልተማረ አይጽፈውም» የሚልበትንና «ይህን እንኳ ማንም ያውቀዋል» የሚልበትን ለዩ። ይህ ሁለት ሰዓት ከብዙ ሳምንት የቤተ መጻሕፍት ሥራ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ዕውቀቱ በታሪኩ ብቻ አይወሰንም፤ በአጻጻፉም ይታያል። ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ ጠብቀው የሚነበቡ ፊደላትን ከላያቸው ነጥብ አድርገው ለይተዋል። ማጥበቅና ማላላት የግዕዝ ንባብ ትምህርት ዋና ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ተሳስቶ ባነበበ ቁጥር መምህሩ የሚቆጣበት ነው። ከንባብ ቤት የወጣ ጆሮ ወደ ልቦለድ ገጽ ሲመጣ ነጥብ ሆኖ ቢታይ አያስገርምም። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ነጥቡ ግን በገጹ ላይ ያለ ሐቅ ነው። በደብተራችሁ ሁለቱን በተለያየ መስመር ጻፉ።

አራት ሳጥን

ያሰመራችሁትን ወደ አራት ክፍል አውጡት፦ ቦታ፣ ዕውቀት፣ ሰው፣ አቋም።

ቦታ ቀላሉ ነው። በዛብህ የተወለደባትን ማንኩሳን፣ ሰብለወንጌል የኖረችበትን ዲማን፣ ዓባይንና አዲስ አበባን በካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ደራሲው የተወለዱበትንና የተማሩበትን ደርቡበት። ዲማ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ደራሲውም ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነውና። የትውልድ መንደር ግን አልተገናኘም። በዛብህን ከሌላ የጎጃም ክፍል ማምጣታቸው ደራሲው ልጁን ከራሳቸው እንዳራቁት ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ አድርገን እንወስደዋለን።

ሰው አስቸጋሪው ነው። በየአካባቢው ስለ ሰብለወንጌል አባት «ፊታውራሪ መሸሻ ማለት እገሌ ነበሩ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ቃል ስትመዘግቡ ማን እንደተናገረው፣ ከማን እንደሰማው፣ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ይወራ እንደነበረ ወይስ በኋላ እንደተጀመረ ጠይቁ። ልቦለድ ዝነኛ ሲሆን ሰዎች የራሳቸውን ዘመድ እያመጡ ከገጸ ባሕርይ ጋር ያመሳስላሉ። ደራሲው ራሳቸው ካልተናገሩ በቀር ስም አትጻፉ፤ የአንድን ቤተሰብ ክብር የሚነካ ነገር ነው።

በዛብህንና ደራሲውን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የሚመሳሰለውን አንድ ጊዜ፣ የሚለየውን ሁለት ጊዜ ጻፉ። ሁለቱም የጎጃም ልጆች፣ ሁለቱም የቤተ ክህነት ተማሪዎች፣ ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ናቸው። በዛብህ ግን በወላጆቹ ስእለት የታሰረ ነው፤ አዲስ አበባም የገባው ፍቅሩ ታውቆበት ሸሽቶ ነው። ሐዲስ የሄዱት ዘመናዊ ትምህርት ይዘው ሊመለሱ ነው፤ ተመልሰውም ጎጃም አስተምረዋል። ለአንዱ በር የሆነው መንገድ ለሌላው መቃብር ሆኗል። ደራሲው ያመለጡትን ዕጣ ለበዛብህ ሰጥተውት ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ «ሰጥተውታል» ብሎ መጻፍ ግን ማስረጃ ይፈልጋል።

አቋም ብዙ ሥራ ያለበት ነው። ልቦለዱ ሁለት ዘመን አለው፦ ታሪኩ የሚፈጸምበት የቀድሞው ዘመንና ደራሲው የሚጽፉበት የ1950ዎቹ ዘመን። ጉዱ ካሣ የተባለውን ገጸ ባሕርይ በዚህ መርምሩት። የሚናገረውን ሁሉ በተለየ ወረቀት ቅዱና ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «በዚያ ዘመን ዲማ የኖረ፣ ቅኔ የተማረ፣ የመኳንንት ዘመድ የሆነ ሰው ይህን ሊል ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ያልፋል፤ የቤተ ክህነት ሰው ጌቶችን መውቀስ አዲስ ነገር አይደለም። ማኅበራዊው ሥርዓት ከሥር ካልተለወጠ ይፈርሳል የሚለው ሐሳቡ ግን ሌሎች አገሮችን ያዩ፣ በመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ድምፅ እንዳለበት ይሰማናል። አገሬው «ጉዱ» ብሎ እንደ እብድ ስለሚቆጥረው ይህን ሁሉ ተናግሮ ያልፋል። እብደቱ ሰም፣ ወቀሳው ወርቅ ነው ብንል ከደራሲው ትምህርት የራቀ ንባብ አይሆንም።

እዚሁ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት በየካቲት 1957 ነው፤ መጽሐፉ በ1958 ታተመ። ቀኖቹ ስለተቀራረቡ አንዱ ሌላውን ወለደ ለማለት ያጓጓል። እንዲህ ያለ ግዙፍ ልቦለድ ግን በጥቂት ወራት አይጻፍምና ሁለቱን የአንድ ዘመን ጭንቀት ምልክቶች አድርጎ መያዝ ይሻላል። ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው። የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያመፁት በ1960 ነው። በአበጀ በለው የሚመራውን የልቦለዱን የገበሬ አመፅ ከዚህ ጋር የሚያያይዝ ሰው በኋላ የመጣውን ምክንያት አድርጎታል። የዘመን ሰንጠረዡ የተሠራው ይህን ለመያዝ ነው።

የሌለውን ፈልጉ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። የደራሲውን ሕይወት ታላላቅ ሁነቶች ዘርዝሩና እያንዳንዱ በልቦለዱ ውስጥ የት እንዳለ ጻፉ። ሐዲስ ጦርነት ዘምተዋል፣ በባዕድ ደሴት ለዓመታት ታስረዋል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1943 ነው የተፈቱት። ከዚህ የሚበልጥ መከራ በሕይወታቸው ያለ አይመስልም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከወረራው በፊት ያለ ታሪክ ነው፤ ጦርነቱም እስሩም በታሪኩ የሉም። እነሱን ደራሲው ለ«ትዝታ» አቆይተዋቸዋል።

ከዚህ በመነሣት «ሰብለወንጌል በአባቷ ቤት መዘጋቷ የፖንዛ እስር ነጸብራቅ ነው» የሚል ጽሑፍ ለመጻፍ እጅ ይበላል። አትጻፉት። የባላባት ልጅ ከቤት አለመውጣቷ የዘመኑ ወግ ነበርና እስር ቤት ያላየ ደራሲም ይጽፈው ነበር። አንድ ዝርዝር ከሕይወት መጣ ለማለት ሦስት ፈተና ይለፍ፦ ደራሲው ከኅትመቱ በፊት አውቀውታል? ያንን ያላለፈ የዘመናቸው ሰው ሊጽፈው አይችልም ነበር? በራሳቸው ቃል ወይም በሌላ ጽሑፍ የሚደግፈው አለ? ሦስቱንም ካለፈ «ነው» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱን ካለፈ «ይመስላል»። አንዱን ብቻ ካለፈ በደብተር ይቅር።

«ትዝታ»ንም በዚህ ዓይን አንብቡት። ከልቦለዱ 27 ዓመት ዘግይቶ የወጣ፣ በእርጅና የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ስለ ሁነቱ ታላቅ ምስክር ነው፤ ልቦለዱን ሲጽፉ ምን ያስቡ እንደነበር ግን በቀጥታ አይመሰክርም።

ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ግኝት አንድ አንቀጽ ይበቃል፦ ልቦለዱ የሚለው ከነገጹ፣ ሕይወቱ የሚለው ከነዓመቱ፣ ከዚያ ደራሲው የለወጡት። ሦስተኛው የሌለበት አንቀጽ ሲያጋጥማችሁ ወይ ለውጡን አላያችሁትም፣ ወይ ሁለቱ ነገሮች ጨርሶ አይገናኙም። ወደ ካርታውና ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ፤ እዚያም ካልተገኘ አንቀጹን አውጡት።