በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ያለ ምናባዊ መጓጓዣ ምን እንደሚወክል እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በልጆች ታሪክ ውስጥ አንድ ልጅ በወፍ ጀርባ ወይም በምንጣፍ ሲበር ስናነብ «የነፃነት ምልክት ነው» ብለን እናልፋለን። ይህ መልስ ለማንኛውም መጽሐፍ ስለሚሆን ስለ አንዱም የሚነግረን ነገር የለም። የሚሻለው መጓጓዣው ከልጁ ምን እንደሚጠይቅ ደረጃ በደረጃ መከታተል ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ስዊድናዊቷ ሴልማ ላገርሎፍ የጻፈችውን «የኒልስ ሆልገርሰን አስደናቂ ጉዞ» ነው፤ መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 እና በ1907 በሁለት ክፍል የታተመ ሲሆን፣ የተጻፈውም የአገሪቱ መምህራን ማኅበር ልጆች አገራቸውን የሚያውቁበት የንባብ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ በመጠየቁ ነው።

መጀመሪያ፣ ልጁ ከጉዞው በፊት እንዴት ይኖር እንደነበር በማስታወሻ ያዙ። ኒልስ ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ የሆነ፣ ሥራ የማይወድና እንስሳትን የሚያሠቃይ የገበሬ ልጅ ነው። ቶምተ የሚባለውን የቤት ጠባቂ ድንክ በመረብ ከያዘው በኋላ ቃሉን ስላጠፈ፣ ድንኩ ኒልስን እንደ ራሱ ያሳንሰዋል፤ የግቢው እንስሳትም ያደረሰባቸውን በደል እያነሡ ይወቅሱታል። እንግዲህ ወደፊት የሚሸከመው ዝይ ከእነዚሁ ከተበደሉት ወገን መሆኑን ልብ በሉ።

ቀጥሎ፣ ልጁ መጓጓዣው ላይ እንዴት እንደወጣ ተመልከቱ። ሞርተን የተባለው ነጭ ወንድ ዝይ የዱር ዝይዎችን ተከትሎ ሊበር ሲነሣ፣ ኒልስ አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ጀብዱ ፈልጎ አይደለም፤ ዝዩ ከጠፋ ወላጆቹ እንደሚያዝኑ አስቦ ሊያስቀረው ነበር። ጉዞው የተጀመረው ልጁ ለሌላ ሰው ባሰበበት ቅጽበት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይመስለኛል፤ እርሱም መጓጓዣው የሚደክምበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሞርተን ረጅም በረራ ያልለመደ የቤት ዝይ በመሆኑ፣ ማምሻውን ሐይቅ ዳር ሲያርፉ መንቀሳቀስ ተስኖት ይወድቃል። ከዝዩ እጅግ ያነሰው ኒልስም እየጎተተና እየገፋ ወደ ውኃው ያደርሰዋል። ዝዩ ጠጥቶ ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ዓሣ ይዞ ያመጣለታል። ብዙ አንባቢ ወደሚቀጥለው በረራ እየቸኮለ የሚያልፈው ይህ ትዕይንት የተምሳሌቱ ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም ተሸካሚና ተጓዥ ቦታ የሚለዋወጡት እዚህ ነው። የማይደክም ምንጣፍ ቢሆን ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። ለማነጻጸር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በታተመው የአሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ የልጆች መጽሐፍ (Where the Wild Things Are) ያለ እራት ወደ መኝታ ክፍሉ የተላከው ቁጡ ልጅ ማክስ የሚሳፈርባትን ጀልባ አስታውሱ፤ የገዛ ስሙ ተጽፎባታል፣ የማንንም እርዳታ አትፈልግም፣ ሲመለስም እራቱ ገና ትኩስ ነው። ያቺ ጀልባ ልጁ ከራሱ ቁጣ ጋር የሚያደርገውን ጉዞ ስትወክል፣ ዝዩ ግን ከሌላ ፍጡር ጋር የሚገባውን ቃል ኪዳን ይወክላል።

ከዚያ ከላይ የሚታየውን ነገር በአጭሩ መዝግቡ። ኒልስ ቁልቁል ሲመለከት ባለ ዳማ ጨርቅ የመሰለው ነገር የስኮነ ክፍለ አገር እርሻ መሆኑን ቀስ እያለ ይረዳል፤ የመምህራኑ ዓላማም የተፈጸመው በዚህ ዓይነት እይታ ነው።

በስተመጨረሻ፣ መመለሱ ምን እንደሚያስከፍል ጠይቁ። ኒልስ ዳግም ሰው የሚሆነው ሞርተንን ለእርድ ወደ ቤት ቢያመጣ እንደሆነ ይነገረዋል፤ እርሱ ግን አይቀበልም። ወላጆቹ ዝዩን ሊያርዱ ሲሉ፣ ድንክ ሆኖ እንዳያዩት ያፍር የነበረው ልጅ በራቸውን እየደበደበ «ተዉት!» ብሎ ይጮኻል፣ ወዲያውም ሰው ይሆናል። ይሁን እንጂ የዝይዎቹ ንግግር ከእንግዲህ አይገባውም። መንጋው ባሕሩን ተሻግሮ ሲሄድ ቆሞ የሚያይበት ገጽ ላይ፣ እንደገና ትንሽ ሆኖ ከእነርሱ ጋር ለመብረር ይመኛል። ስለዚህ ልጁ ያገኘውን ስትጽፉ ያጣውንም ከጎኑ ጻፉ።